ለአነስተኛ ሽቦ የሚመረጠው ብሬከር፦ «ምንም ልዩ ሁኔታ የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ በኤሌክትሪክ ሥራ ለተሰማራን ኢትዮጵያውያን ታስቦ በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከባልደረባ ወደ ባልደረባ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም እጅ ገባ። የጸሐፊው ዓላማ መልካም ነው። ለፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች በእንግሊዝኛ የሚቸገሩበትን የኮድ ክፍል በገዛ ቋንቋቸው እንዲረዱት ማድረግ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ የሰፈሩት ምክሮች አንዳንዶቹ የደንበኛን ገንዘብ በከንቱ የሚያስወጡ፣ አንዱ ደግሞ ቤት ሊያቃጥል የሚችል ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበቡ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ 14 ቁጥር ሽቦ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ከ15 አምፔር፣ 12 ቁጥር ከ20፣ 10 ቁጥር ደግሞ ከ30 አምፔር በማይበልጥ ብሬከር (ኮረንቲ ሲበዛ መስመሩን በራሱ በሚቆርጥ መሣሪያ) እንዲጠበቅ ያዛል፤ ይህ ትእዛዝ ምንም ልዩ ሁኔታ የለውም፤ ስለዚህ በ30 አምፔር ብሬከር ላይ የታሰረ 12 ቁጥር ሽቦ ያየ ባለሙያ፣ መስመሩ የአየር ማቀዝቀዣም ይሁን የሞተር፣ ሽቦውን ነቅሎ በ10 ቁጥር መተካት አለበት ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን የፓነሉ ማሰሪያ እስከ 75 ዲግሪ ሙቀት እንደሚችል የሚገልጽ ምልክት ካለው 12 ቁጥርን በ25 አምፔር መጠበቅ እንደሚቻል፣ ስሌቱ ከብሬከር መጠኖች ጋር ካልገጠመም ወደሚቀጥለው ከፍተኛ መጠን መሄድ እንደሚፈቀድ ይገልጻል። በ20 አምፔር መስመር ላይ ከማብሪያ ማጥፊያው እስከ መብራቱ ያለውን ክፍል «ጭነቱ መብራት ብቻ ስለሆነ» በ14 ቁጥር መሥራት ይቻላል ይላል። 18 ቁጥር ሽቦ ይዞ የሚመጣን መብራት ግን በ20 አምፔር መስመር ላይ መስቀልን ይከለክላል። በመጨረሻም የአሜሪካው ሕግ አገር ቤት ከለመድነው ጋር አንድ ነው ብሎ ይዘጋል።

እንግዲህ ጽሑፉ መጥበቅ በሌለበት ቦታ ጠብቋል፤ መላላት በሌለበት ቦታ ደግሞ ላልቷል። የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው፦ ሕጉ ከምን አደጋ ለመጠበቅ እንደተጻፈ ሳይጠይቁ ቁጥሩን ብቻ መያዝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ክፍሎች ከ2020 እና ከ2023 እትሞች የተወሰዱ ናቸው። ኮዱ በየሦስት ዓመቱ የሚታደስ፣ እያንዳንዱ ግዛትም በራሱ ጊዜ የሚያጸድቀው ስለሆነ በሥራ ቦታችሁ የትኛው እትም እንደጸና አስቀድማችሁ አጣሩ።

«ምንም ልዩ ሁኔታ የለውም»

አለው። እንዲያውም ክፍል 240.4 (ዲ) የሚጀምረው በልዩ ሁኔታው ነው። ቁጥሮቹን ከመዘርዘሩ በፊት «በ240.4 (ኢ) ወይም (ጂ) ተለይቶ ካልተፈቀደ በስተቀር» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ያስቀድማል። ጸሐፊው ዝርዝሩን በትክክል ገልብጠዋል፤ ያስቀሩት ይህን መክፈቻ ነው። ንዑስ ክፍል (ኢ) ከዋናው መስመር የሚቀጠሉ ሽቦዎችን ይመለከታል። ንዑስ ክፍል (ጂ) ደግሞ ሠንጠረዥ ነው፤ የራሳቸው የጥበቃ ሕግ ያላቸውን ጭነቶች ይዘረዝርና ባለሙያውን ወደዚያው ይመራል። ሞተር ወደ አንቀጽ 430፣ የአየር ማቀዝቀዣና ሌላው የማቀዝቀዣ መሣሪያ ወደ አንቀጽ 440፣ የብየዳ ማሽን ወደ አንቀጽ 630 ይሄዳል። ሌሎችም አሉ፤ በየዕለቱ የሚያጋጥሙን ግን እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ኮዱ ይህን በር የከፈተው ለአምራቾች አዝኖ አይደለም። ብሬከር ሽቦን የሚጠብቀው ከሁለት የተለያዩ አደጋዎች ነው። አንደኛው ከአቅም በላይ ጭነት ነው፦ ሽቦው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚሸከመው ኮረንቲ በዝቶ ቀስ በቀስ ይግላል፤ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ሾርት ወይም ከመሬት ጋር የሚደረግ ንክኪ ነው፦ ኮረንቲው በቅጽበት መቶዎች ወይም ሺዎች አምፔር ይደርሳል። በተራ የሶኬት መስመር ላይ ሁለቱንም አደጋ የሚይዘው ያው አንዱ ብሬከር ነው፤ ምክንያቱም ነገ ማን ምን እንደሚሰካበት አይታወቅም። በሞተር መስመር ላይ ግን ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ጭነቱን የሚቆጣጠረው በሞተሩ ማስነሻ ላይ ወይም በራሱ በሞተሩ ውስጥ ያለው የኦቨርሎድ መከላከያ ነው፤ ለብሬከሩ የሚቀረው ሾርትና ከመሬት ጋር የሚደረግ ንክኪ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የመኪና ጥገና ጋራዥ ውስጥ የአየር መጭመቂያውን የሚያሽከረክር ባለ 2 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 230 ቮልት፣ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር አለ እንበል። ሽቦና ብሬከር የሚመረጡት ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ሳይሆን በኮዱ ሠንጠረዥ 430.248 ነው፤ ሠንጠረዡ 12 አምፔር ይላል። በክፍል 430.22 መሠረት ሽቦው የዚህን 125 በመቶ መሸከም አለበት፤ 12 ሲባዛ በ1.25 ልክ 15 አምፔር ነው። የሽቦን አቅም በሙቀት ደረጃ ከፍሎ በሚሰጠው ሠንጠረዥ 310.16፣ 14 ቁጥር የመዳብ ሽቦ በዝቅተኛው በ60 ዲግሪው ዓምድ እንኳ 15 አምፔር ስለሚሸከም ይበቃል። ለብሬከሩ ደግሞ ክፍል 430.52 እስከ 250 በመቶ ይፈቅዳል፤ 12 ሲባዛ በ2.5 ልክ 30 አምፔር። ስለዚህ 14 ቁጥር ሽቦ በ30 አምፔር ብሬከር ላይ ታስሮ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው። በጸሐፊው አነጋገር ግን ይህ ሽቦ ከሚገባው በእጥፍ ከፍ ባለ ብሬከር የተጠበቀ «የእሳት ወጥመድ» ነው።

እሳቱ እንዳይነሣ የሚያደርገው ምንድን ነው? የኦቨርሎድ መከላከያው የሚመረጠው ሞተሩ ላይ በተለጠፈው የራሱ ኮረንቲ ነው። ሰሌዳው 11 አምፔር ቢልና ሰርቪስ ፋክተሩ (ከተጻፈለት ጉልበት በላይ የመሥራት አቅሙ) 1.15 ቢሆን፣ ክፍል 430.32 የሚፈቅደው የተለመደው ጣሪያ 125 በመቶ፣ ማለትም 13.75 አምፔር ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ኮረንቲ ከዘለቀ መከላከያው ሞተሩን ያቆመዋል። ስለዚህ 15 አምፔር መሸከም የሚችለው ሽቦ ከ13.75 የዘለቀ ኮረንቲ አያይም። በዚያው ሽቦ ላይ ጸሐፊው የሚሹትን የ15 አምፔር ብሬከር ብናስርስ? ሞተር ሲነሣ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኮረንቲ ይስባል። ብሬከሩ ጠዋት ጠዋት ይወርዳል። የጋራዡ ባለቤት ይሰለቻል፤ አንድ ቀን ደግሞ ምንም የማያውቅ ሰው ጠርቶ ያስቀይረዋል። እንዲህ የተቀየረ ብሬከር ማንም ያላሰላው ስለሆነ በኮድ ከተመረጠው 30 አምፔር ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣው ጉዳይ

የጽሑፉ ምክር ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው። በቅርቡ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍሉን መስመር በሙሉ አስነቅሎ በ10 ቁጥር ሽቦ እንዲያስቀይር ተነግሮት ሁለተኛ አስተያየት ፈልጎ ጠራኝ። የኮምፕሬሰሩን ሰሌዳ አነበብኩ። የኮምፕሬሰሩ ኮረንቲ 14 አምፔር፣ የማራገቢያው 1.1 አምፔር፣ «ሚኒመም ሰርኪት አምፓሲቲ» 18.6፣ «ማክሲመም ብሬከር» 30 ይላል። ሽቦው 12 ቁጥር መዳብ፣ ብሬከሩ 30 አምፔር ነው። ምንም ስሕተት የለበትም።

ሰሌዳው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ለባለሙያ አስፈላጊ ነው። የመጀመሪያው ሽቦ የሚመረጥበት ነው። የ14 አምፔር 125 በመቶ 17.5 ነው፤ የማራገቢያው 1.1 ሲጨመር 18.6 ይሆናል። አምራቹ 25 በመቶውን ጨምሮ ስለጨረሰ እኛ ደግመን በ1.25 ማባዛት የለብንም፤ ጸሐፊው በምሳሌያቸው ያባዙት ግን ይህንኑ ቁጥር ነው፤ ከዚያም «12 ቁጥር አይበቃም» ብለዋል። 12 ቁጥር በ60 ዲግሪው ዓምድ 20 አምፔር ይሸከማል፤ ከ18.6 ይበልጣል፤ አለቀ። ሁለተኛው ቁጥር የብሬከር ጣሪያ ነው። ክፍል 440.22 ከ175 በመቶ ይነሣና ኮምፕሬሰሩ በዚያ መነሣት ካልቻለ እስከ 225 በመቶ ይፈቅዳል። የ14 አምፔር 225 በመቶ 31.5 ነው፤ 1.1 ሲጨመር 32.6፤ ጣሪያ ስለሆነ ወደ ታች ተጠግቶ 30 ይሆናል። ሽቦውን ከአቅም በላይ ጭነት የሚጠብቀው የኮምፕሬሰሩ የራሱ መከላከያ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ሊያስጠነቅቁበት የሚገባቸው፣ ያላነሡትም አንድ እውነተኛ አደጋ አለ። (ጂ) የሚሠራው ሽቦው ያንን መሣሪያ ብቻ ሲያገለግል ነው። ከአየር ማቀዝቀዣው አጠገብ ለጥገና የሚሆን ሶኬት ያስፈልጋል ብሎ ከዚያው ባለ 30 አምፔር መስመር ላይ የቀጠለ ሰው አጋጥሞኛል። ሶኬቱ የኦቨርሎድ መከላከያ የለውም፤ የተሰካበትን ሁሉ ያለ ጥያቄ ይመግባል። በዚያች ቅጥያ 12 ቁጥሩ ሽቦ ጠባቂውን አጣ። መሣሪያው ተነሥቶ መስመሩ ለሌላ ነገር ሲውልም እንደዚሁ ነው፤ ብሬከሩ ያን ጊዜ ወደ 20 መውረድ አለበት። ሰሌዳውን ሳያነቡ ሽቦ ከማስነቀል ይልቅ እንዲህ ያለውን ጉድለት መፈለግ ነው የባለሙያ ሥራ።

ስለ ብየዳ ማሽን ባጭሩ። አንቀጽ 630 የሽቦውን መጠን የሚወስነው ማሽኑ ከጠቅላላው ጊዜ ውስጥ ምን ያህሉን በትክክል እንደሚበይድ በማየት ነው። 20 በመቶ ለሚበይድ፣ የሞተር ጄኔሬተር ላልሆነ የአርክ ብየዳ ማሽን ማባዣው 0.45 ስለሆነ 50 አምፔር የሚስብ ማሽን 22.5 አምፔር የሚሸከም ሽቦ ይበቃዋል፤ ብሬከሩም እስከ ሽቦው አቅም 200 በመቶ ሊሄድ ይችላል። በ10 ቁጥር ሽቦ ላይ 50 አምፔር ብሬከር ብታዩ ወንጀል አይደለም። እኔ ግን ማሽኑ በስፒና የሚሰካ ከሆነ 6 ቁጥር መሳብ እመርጣለሁ፤ ሶኬቱ የ50 አምፔር ቅርጽ ካለው አንድ ቀን ምድጃ የሚሰካበት ሰው አይጠፋም። ይህ የኔ ምርጫ ነው፤ ኮዱ አያዝም። የራሳችንን ጥንቃቄ በኮዱ ስም መናገር ግን ጸሐፊው የገቡበት ስሕተት ነው፤ ደንበኛ በሕግ የተገደደበትንና ባለሙያው የመከረውን ለይቶ የማወቅ መብት አለው።

«75 ዲግሪ የሚል ምልክት ካለ 25 አምፔር ይቻላል»

አይቻልም። በመጀመሪያ ነጥባቸው ምንም ልዩ ሁኔታ የለም ያሉት ጸሐፊ እዚህ ሲደርሱ ኮዱ የማያውቀውን ልዩ ሁኔታ ራሳቸው ፈጠሩ። ምሳሌያቸው በየቤቱ ያለው የ4,500 ዋት የውኃ ማሞቂያ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፦ 4,500 ለ240 ሲካፈል 18.75 አምፔር፤ እስከ 120 ጋሎን የሚይዝ ማሞቂያ ያለማቋረጥ እንደሚሠራ ጭነት ስለሚቆጠር 125 በመቶው 23.4 አምፔር። ከዚያም 12 ቁጥር በ75 ዲግሪው ዓምድ 25 አምፔር ይሸከማል፣ የ25 አምፔር ብሬከርም በገበያ አለ፣ ስለዚህ ይበቃል አሉ።

የውኃ ማሞቂያ ግን በ(ጂ) ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ሞተር የለውም፣ ኮምፕሬሰር የለውም፣ ተራ የመቋቋሚያ ጭነት ነው። ስለዚህ 240.4 (ዲ) ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይጫነዋል፦ 12 ቁጥር መዳብ፣ ጣሪያው 20። ማሞቂያው ከ20 በላይ ብሬከር የሚፈልግ ከሆነ ሽቦው 10 ቁጥር ይሆናል፣ ሌላ መንገድ የለም። ቤት ውስጥ የምንዘረጋው ሮሜክስ ኬብል ደግሞ ማሰሪያው ምንም ቢል በ60 ዲግሪው ዓምድ የታሰረ ስለሆነ ክርክሩ ከመነሻው ይወድቃል። በየግድግዳው የምናየው የአየር ማቀዝቀዣና የውኃ ማሞቂያ ለዓይን የሚቀራረቡ ጭነቶች ናቸው፤ ሁለቱም ባለ 240 ቮልት፣ ሁለቱም 19 አምፔር አካባቢ። ጽሑፉ በአንደኛው ላይ ያልተከለከለውን ከለከለ፣ በሌላው ላይ የተከለከለውን ፈቀደ።

ታዲያ ሠንጠረዥ 310.16 ለ14 ቁጥር 20 እና 25፣ ለ12 ቁጥር 25 እና 30 የሚሉ ዓምዶችን ለምን ያስቀምጣል? ይህ ጥያቄ ፈተና ላይም ስለሚመጣ መልሱን ያዙት። እነዚያ ከፍ ያሉ ቁጥሮች ቅናሽ ሲሰላ መነሻ ይሆናሉ። በአንድ ኮንዲዩት (የሽቦ ቧንቧ) ውስጥ ኮረንቲ የሚሸከሙ 9 ሽቦዎች ቢገቡ አቅማቸው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ሽፋኑ 90 ዲግሪ የሚችለው 12 ቁጥር ቲኤችኤችኤን ሽቦ በ90 ዲግሪው ዓምድ 30 አምፔር ስለሆነ 30 ሲባዛ በ0.7፣ 21 አምፔር ይቀረዋል። የ20 አምፔር ብሬከሩ ሳይቀየር ይቆማል። ስሌቱን ከ20 ብንጀምር ግን 14 ይሆን ነበር። የ90 ዲግሪው ዓምድ ጥቅም ይህ ነው። «21 አምፔር ከብሬከር መጠን ጋር ስለማይገጥም ወደ 25 ከፍ እንላለን» የሚለው የጽሑፉ ምክር ደግሞ ስሕተት ነው። ወደሚቀጥለው መጠን መውጣትን የሚፈቅደው 240.4 (ቢ) የ(ዲ)ን ጣሪያ አያነሣም፤ ቅናሹ ከተሰላ በኋላም ጣሪያው ጣሪያ ነው።

ጣሪያው ስለ ምን እንደዚህ ዝቅ አለ ለሚል፣ የብሬከሩን ጠባይ ይመልከት። በአሜሪካ የሚሸጡ ብሬከሮች የሚፈተኑበት ዩኤል 489 የተባለው መለኪያ እስከ 50 አምፔር ያለ ብሬከር ከመጠኑ 135 በመቶ ሲጫንበት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ይጠይቃል። እስከ አንድ ሰዓት! እስከ 30 አምፔር ያለ ብሬከር 200 በመቶ ሲጫንበትም ሁለት ደቂቃ ድረስ ሊታገሥ ይችላል። ስለዚህ በ20 አምፔር ብሬከር ላይ የታሰረ 14 ቁጥር ሽቦ 27 አምፔር ለአንድ ሰዓት ያህል ሊሸከም ይችላል፤ የሠንጠረዡ ትልቁ ዓምድ እንኳ ለዚህ ሽቦ የሚሰጠው 25 ነው። 12 ቁጥርን በ25 አምፔር ብንጠብቀው 33.75 አምፔር፤ ትልቁ ዓምድ 30። በ15 ላይ የታሰረ 14 ቁጥር ግን የሚያየው 20.25 ነው፣ በ20 ላይ የታሰረ 12 ቁጥርም 27። የአነስተኛ ሽቦዎች ጣሪያ የሚሰጠን ጥቅም በዚህ ስሌት ፍንትው ብሎ ይታያል።

«ጭነቱ መብራት ብቻ ስለሆነ»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የመስመሩ ብሬከር 20 አምፔር ከሆነ፣ ከዚያ ብሬከር በኋላ የሚዘረጋው ሽቦ ሁሉ፣ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሚወርደውም ወደ መብራቱ የሚወጣውም፣ 12 ቁጥር መሆን አለበት። ዛሬ ጫፉ ላይ የተሰቀለው ባለ 10 ዋት አምፑል መሆኑ ምንም አይለውጥም። ብሬከሩ የሚያየው ኮረንቲውን ነው፤ ሽቦው የት ቦታ ላይ እንደቀጠነ አያውቅም።

እንዲህ ይከሰታል እንበል። የቤቱ ባለቤት ምድር ቤቱን ያሳድሳል። ሠራተኛው ከጣሪያው የመብራት ሳጥን ላይ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ሶኬት ያወጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው 14 ቁጥር መሆኑን አላስተዋለም፣ ፓነሉ ላይ 20 የሚል አይቷልና። በክረምት በዚያ ሶኬት ላይ 1,500 ዋት ማሞቂያና 1,200 ዋት ካውያ አብረው ይሠራሉ፤ በ120 ቮልት 22.5 አምፔር። ይህ ለ20 አምፔር ብሬከር ከመጠኑ 112.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ለሰዓታት ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። በጣሪያው መከላከያ ጥጥ ውስጥ የተቀበረው፣ 15 አምፔር የተፈቀደለት ሽቦ ግን በዚያን ሰዓት ሁሉ ይግላል።

ጸሐፊው ለምክራቸው ድጋፍ ያደረጉት የቅጥያ ሽቦ ፈቃድን ነው። ክፍል 210.19 ለአንድ መብራት፣ ሶኬት ላልሆነ ነጠላ መውጫም፣ ከ18 ኢንች የማይበልጥ ቅጥያ ይፈቅዳል። ከማብሪያ ማጥፊያ እስከ ጣሪያ ያለው ርቀት በየትኛው ቤት ነው ከ18 ኢንች የሚያንሰው?

በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ጸሐፊው 18 ቁጥር ሽቦ ያለውን መብራት ከልክለዋል። ይህ የተፈቀደ ነው። ክፍል 240.5 የመብራት ሽቦዎችን ለይቶ ያያል፦ በ20 አምፔር መስመር ላይ 18 ቁጥር እስከ 50 ጫማ፣ 16 ቁጥር እስከ 100 ጫማ። ለእያንዳንዱ አምፑል ብሬከር መቀየር አያስፈልግም።

ያልተጠቀሰው ብረት

ጽሑፉ ሦስቱን ቁጥሮች ሲሰጥ ለየትኛው ብረት እንደሆኑ አልተናገረም። 15፣ 20 እና 30 የመዳብ ናቸው። ለአሉሚኒየም ወይም መዳብ ለተለበጠ አሉሚኒየም 12 ቁጥር 15፣ 10 ቁጥር ደግሞ 25 አምፔር ነው። የ2023 እትም 14 ቁጥር መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየምን በ10 አምፔር ብሬከር ጨምሯል። ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በርካሽ የሚሸጠው ጥቅል ሽቦ አንዳንድ ጊዜ ይኸው የተለበጠው ነው፤ ከላይ ሲያዩት መዳብ ይመስላል፤ ሲቆርጡት መሐሉ ብርማ ነው። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ የሚያስታውሱ ሰዎች 12 ቁጥሩን በ20 ያስሩታል።

«አገር ቤት ከለመድነው ጋር አንድ ነው»

አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ሠርተን የመጣን ሰዎች 1.5 እና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሚሉትን ሽቦዎች በእጃችን እናውቃቸዋለን፤ በልምድም 1.5ን ለመብራት በ10 አምፔር፣ 2.5ን ለሶኬት በ16 አምፔር እናስራለን። ጸሐፊው 2.5 ማለት 12 ቁጥር ማለት ነው ብለዋል። 12 ቁጥር 3.31 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ 14 ቁጥር 2.08። 2.5 በሁለቱ መካከል ያለ፣ ወደ 14 የሚቀርብ ሽቦ ነው። በእጅ ልምድ 2.5 የሚያህል ሽቦ ዳብሶ «ይህ 20 ይሸከማል» የሚል ሰው ተሳስቷል።

አስተሳሰቡም ይለያል። በአገራችን የምንጠቀምበት የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) መንገድ ለአነስተኛ ሽቦ ብቻውን የቆመ ጣሪያ አያስቀምጥም፤ የመስመሩ ጭነት ከብሬከሩ፣ ብሬከሩም ከሽቦው አቅም እንዳይበልጥ ያዛል፤ የሽቦው አቅም ደግሞ እንደ አዘረጋጉ ይለያያል። ባለ ፒቪሲ ሽፋን 2.5 ሽቦ ሙቀት በሚያፍን ግድግዳ ውስጥ በኮንዲዩት ከሄደ 19.5፣ ኮንዲዩቱ በግድግዳ ላይ ከተዘረጋ 24፣ ኬብል ሆኖ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከተመታ 27 አምፔር ይሰጠዋል። ቮልቴጁም አንድ አይደለም። 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ነው፤ በ120 ቮልት 16.7። አገር ቤት ያለ ችግር የሠራ ቀጭን ሽቦ እዚህ በዚያው ዕቃ ኮረንቲው እጥፍ ሊደርስበት ይችላል።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ ግልጽ ነው። ጽሑፉ በብዙዎች እጅ ስለገባ ማስተካከያው በዚያው መጠን መሰራጨት አለበት። በመጀመሪያው ነጥብ ላይ የ240.4 (ዲ)ን መክፈቻ ሐረግና የ(ጂ)ን ሠንጠረዥ ይጨምሩበት፤ በማቀዝቀዣው ምሳሌ ላይ ደግመው ያባዙትን 125 በመቶ ያውጡት፤ የውኃ ማሞቂያውን ሽቦ ወደ 10 ቁጥር ይመልሱት፤ ቁጥሮቹ የመዳብ መሆናቸውንም ይጻፉ። ከማብሪያ ማጥፊያ እስከ መብራት ስለሚዘረጋው 14 ቁጥር ሽቦ የሰጡትን ምክር ግን ሌላው እስኪስተካከል ሳይጠብቁ ዛሬውኑ እንዲያነሡት እለምንዎታለሁ።